ምዕራፍ 6፦ ትንሿን ካሜራ ልግዛ ወይስ ልተዋት?

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ ወልቂጤን አልፎ ወደ ጊቤ በረሃ ሲወርድ ጆሮ ይደፈናል፣ ሙቀቱ በመስኮት ይገባል፣ ሹፌሩም ማርሽ ይቀንሳል። ድልድዩ ያለበት ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ነው። ከድልድዩ ማዶ ያለው ዳገት ተወጥቶ፣ እነ ኩምቢና ናትሪ ታልፈው ሰኮሩ ሲደረስ ከፍታው ከ1,900 ሜትር ይበልጣል። በአንድ ጉዞ ውስጥ ከቆላ ቁጥቋጦ ወጥቶ የበቆሎና የጤፍ ማሳ፣ ቀጥሎም የቡና ጥላ ማየት የሚቻልበት መንገድ ነው። ይህን መንገድ በስልኩ ለመቅረጽ የሞከረ ሁሉ የሚያገኘውን ያውቃል፤ መኪናው በዘለለ ቁጥር ምስሉም አብሮ ይዘላል።

ስለዚህ ጥያቄው መነሣቱ አይገርምም። በሰኮሩ፣ በአሰንዳቦ፣ በአጋሮ ወይም በጅማ ከተማ የሚኖር ሞተረኛ፣ ሠርግ ቀራጭ፣ ወይም የአባቱን ቡና ለውጭ ገዢ ማሳየት የሚፈልግ ልጅ፣ በተለምዶ ጎፕሮ የምትባለውን የእጅ መዳፍ የማትሞላ ካሜራ በሰው እጅ ያያል፣ ዋጋዋን ይጠይቃል፣ ከዚያ ያንገራግራል። ይህ ምዕራፍ የተጻፈው ለዚያ ለሚያንገራግር ሰው ነው። የእኔን አስተያየት ከወዲሁ ልናገር። ካሜራዋ ድንቅ መሣሪያ ናት፤ የተሠራችው ግን በገላጣ ብርሃን ለሚንቀሳቀስ ነገር ነው። የቡና አገር ለዓለም የሚያሳየው አብዛኛው ነገር ደግሞ በጥላ ሥር ያለ፣ ቆሞ የሚታይና የሚናገር ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ አለ፣ የማይገናኙበትም አለ፤ ገንዘብ ከማውጣት በፊት የራስን ቦታ ማወቅ ያስፈልጋል።

የሚገናኙበትን ቦታ ለማየት ከጊቤ ወንዝ የተሻለ የለም። በ1973 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ባንግስ የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ከጓደኞቹ ጋር የኦሞን ወንዝ በጎማ ጀልባ ቀዘፈ። ከዚያ ጉዞ የተወለደው ኩባንያ ሶቤክ የሚለውን ስም የወሰደው ከጥንታዊት ግብፅ የአዞ አምላክ ነው፤ በኦሞ ውስጥ አዞ ብዙ ነበርና። በኋላም ለዓመታት የኦሞ የጀልባ ጉዞዎች መነሻ ሆኖ የታወቀው ይኸው የጅማ መንገድ የጊቤ ድልድይ ነው። ጊቤ ወደ ደቡብ ወርዶ ከጎጀብ ጋር ሲገናኝ ኦሞ ይሆናል። በዚያ ዘመን ተንቀሳቃሽ ምስል ለመቅረጽ የፈለገ ቀዛፊ ምን ይዞ እንደሚሄድ አስቡት። 100 ጫማ የሚረዝም የ16 ሚሊሜትር ፊልም ጥቅል በሰከንድ 24 ፍሬም ሲቀርጽ የሚቆየው 2 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ካሜራው ተከፍቶ ሌላ ጥቅል ይገባል፤ ያውም በሚናወጥ ጀልባ ላይ፣ ውሃ እየተረጨ። አንድ ጠብታ ውሃ ከገባ ካሜራውም ፊልሙም ያበቃለታል።

ዛሬ ከ200 ግራም የማትበልጥ ካሜራ በራስ ቁር ላይ ታስራ፣ ያለ ምንም መሸፈኛ 10 ሜትር ውሃ ውስጥ ገብታ፣ አንድ ሰዓት ያህል ሳታቋርጥ ትቀርጻለች። ወንዙ ራሱ ተለውጧል። 243 ሜትር ከፍታ ያለው የጊቤ 3 ግድብ በ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሲመረቅ፣ ከግድቡ በላይ ያለው ሸለቆ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ሐይቅ ሆኗል። ነገር ግን ለውሃ፣ ለአቧራ፣ ለዝላይና ለፍጥነት ይህችን የሚያህል ካሜራ እስካሁን የለም። ሥራዎ ይህ ከሆነ የሚቀጥለውን ክፍል ዘልለው ስለ ገንዘቡ ወዳለው ይሂዱ።

ካሜራዋ ለምን እንዲህ ሆና እንደተሠራች ካወቅን ድካሟም ይገባናል። ኒክ ውድማን የተባለ ካሊፎርኒያዊ በ2002 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያና በኢንዶኔዥያ ባሕር ላይ በማዕበል ሰሌዳ ሲንሸራተት ራሱን ፎቶ ማንሣት ፈለገ፤ ሰው ዳር ቆሞ ሊያነሣው አልቻለም፣ በእጁም መያዝ አልቻለም። ስለዚህ ካሜራ ከእጅ አንጓ ጋር የሚያያዝ ማሰሪያ ሠራ። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣችው የመጀመሪያዋ ካሜራ ዲጂታል አልነበረችም፤ ተራ 35 ሚሊሜትር ፊልም የምትጎርስ ነበረች። ዲጂታሏ የመጣችው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። አሁን ኩባንያው ጎፕሮ ከቻይናዎቹ ዲጄአይና ኢንስታ360 ጋር ይፎካከራል፤ ሁሉም ግን የሚሠሩት ለዚያው የባሕር ዳር ፍላጎት ነው። ፀሐይ አለ፣ ውሃ አለ፣ ቀራጩ ራሱ ተቀራጭ ነው፣ ካሜራዋም ከሰውነቱ ከአንድ ክንድ በላይ አትርቅም። ሌንሷ ሰፊ የሆነው በክንድ ርቀት ላይ ያለን ሰው ከነአካባቢው እንድትይዝ ነው። ትኩረቷ የማይለወጥ የሆነው በማዕበል መሐል ሌንስ የሚያስተካክል ሰው ስለሌለ ነው።

አሁን ይህችን የባሕር ዳር ልጅ ወደ ቡና ጫካ እናስገባት።

የጅማ ቡና ጥላ ይወዳል። ከሰኮሩ ተነሥቶ ወደ ሊሙ ኮሳ፣ ወደ ማና፣ ወይም የቡና መገኛ ተብላ የምትነገረው ጮጬ ወዳለችበት ወደ ጎማ የሄደ ሰው፣ ቡናው በዋንዛ፣ በሳሳና በብርብራ ሥር ተጠልሎ ያያል። ለቡናው መልካም የሆነው ጥላ ለትንሽ ካሜራ ፈተና ነው። የቀትር ፀሐይ 100,000 ሉክስ ገደማ ብርሃን ይሰጣል። ጀበና የተጣደበት፣ በአንዲት አምፖል የሚበራ ሳሎን ግን ብዙውን ጊዜ 100 ሉክስ እንኳ አይሞላም። የእኛ ዓይን ልዩነቱን ስለሚያስተካክል አንድ ሺህ እጥፍ መሆኑን አናስተውለውም። ካሜራ ግን ያስተውለዋል፤ ብርሃን ሲያንስ ያለው አማራጭ ሌንሱን ረዘም ላለ ጊዜ ከፍቶ መጠበቅ፣ ወይም ያገኘውን ደካማ ምልክት በኤሌክትሪክ ማጉላት ነው። ረዘም ብሎ ሲከፍት የሚንቀሳቀሰው ይደበዝዛል፤ ሲያጎላ ምስሉ በነጠብጣብ ይሞላል።

እዚህ ላይ ብዙ ገዢዎች የማይጠረጥሩት ነገር አለ። ሰው ሁሉ የሚያደንቀው የካሜራዋ ንዝረት ማረጋጊያ የሚሠራው በስሌት ነው። በውስጧ ያለው ጋይሮስኮፕ ካሜራዋ በየትኛው አቅጣጫ ስንት ዲግሪ እንደተነቀነቀች በየቅጽበቱ ይለካል፤ ኮምፒውተሯም የእያንዳንዱን ፍሬም ጠርዝ ቆርጦ የቀረውን በተቃራኒው አቅጣጫ ያንሸራትተዋል። በዚህ ምክንያት ሞተር ላይ የተቀረጸው መንገድ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ስሌቱ ግን የሚያስተካክለው በአንዱ ፍሬምና በሚቀጥለው መካከል ያለውን መናወጥ ብቻ ነው። ሌንሱ በጥላ ሥር ለአንድ ሠላሳኛ ሰከንድ ተከፍቶ ሳለ እጅዎ ከተንቀጠቀጠ፣ ድብዛዜው በፍሬሙ ውስጥ ተጽፎ ቀርቷል፤ ማንሸራተት አያጠፋውም። ውጤቱ እንግዳ ነገር ነው፤ ምስሉ የተረጋጋ ሆኖ ሳለ በየተወሰነ ቅጽበቱ ይደበዝዛል። በቡና ጫካ ውስጥ እየተራመደ የቀረጸ ሰው ወደ ቤቱ ተመልሶ የሚያማርረው ይህን ነው፤ የተበላሸ ዕቃ የተሸጠለት ይመስለዋል። ዕቃው አልተበላሸም።

ስልክዎ እዚህ ቦታ ላይ ሊበልጥ ይችላል። መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ብዙ ስልኮች የዋና ሌንሳቸው መክፈቻ ኤፍ 1.8 አካባቢ ነው፤ የትንሽ ካሜራዎች ደግሞ ኤፍ 2.5 ወይም 2.8። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል፤ ከኤፍ 2.8 ይልቅ ኤፍ 1.8 በእኩል ስፋት ላይ ሁለት ዕጥፍ ተኩል ገደማ ብርሃን ያስገባል። እውነቱን ለመናገር ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጡ አንዳንድ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ካሜራዎች ሴንሰራቸው ተለቅ ብሏልና በማታ ቀረጻ ከቀድሞዎቹ ብዙ ይሻላሉ። ግን እነዚያ ውዶቹ ናቸው።

ሁለተኛው ጉዳይ ቅርበት ነው። ትኩረቷ የተቆለፈ ካሜራ ከ30 ወይም ከ40 ሴንቲሜትር ጀምሮ ያለውን ሁሉ አጥርታ ታያለች፤ ከዚያ የቀረበውን ግን ታደበዝዛለች። የቡና ታሪክ ደግሞ በአብዛኛው በዚያ ርቀት ውስጥ ያለ ነው። በመዳፍ ላይ ያለ ቀይ እሸት፣ ሲጨመቅ ተፈልቅቆ የሚወጣው የሚያዳልጥ ፍሬ፣ የደረቀ ጀንፈል ሲሰበር፣ ብረት ምጣድ ላይ ቀለሙን የሚለውጥ ቡና፣ በየካቲትና በመጋቢት ዝናብ ጠብ ሲል ቅርንጫፉን የሚሸፍነው ነጭ አበባ። ገዢው የእሸቱን ቀለም ማየት ይፈልጋል፤ በውጭ አገር ያደገ የልጅ ልጅ የአያቱን እጅ ማየት ይፈልጋል። ስልክ እነዚህን ከ10 ሴንቲሜትር ርቀት አጥርቶ ይይዛል። ትንሿ ካሜራ ተጨማሪ ሌንስ ካልተገጠመላት በስተቀር አትይዝም።

ሰፊው ሌንስ ሩቅ ያለውንም ያሳንሳል። ከጊቤ ዳገት አናት ላይ ቆመው የቀረጹት ሸለቆ፣ በዓይንዎ ሲያዩት ልብ የሚያስደነግጠው ገደል፣ በምስሉ ላይ ለጥ ያለ ሜዳ መስሎ ሊያገኙት ይችላሉ። ለዚህ መፍትሔው ከፊት ለፊት አንድ ነገር ማስገባት ነው፤ የሞተሩ መሪ፣ የበቅሎ ጆሮ፣ የሚራመድ ሰው። ያን ጊዜ ርቀቱ ይታያል።

ሦስተኛውና በእኔ ሚዛን ከሁሉም የሚከብደው ድምፅ ነው። ውሃ እንዳይገባባት የተደፈነች ካሜራ ጆሮዋም በከፊል የተደፈነ ነው። ለሞተር ጩኸትና ለወንዝ ፏፏቴ ይበቃታል። ሁለት ሜትር ርቀው ተቀምጠው በዝግታ የሚናገሩ አዛውንት የሚሉትን ግን ከነቅጠል ሽውታው፣ ከነዶሮው፣ ከመንገዱ የጭነት መኪና ጋር ቀላቅላ ታመጣለች። ተመልካች ምስሉ ትንሽ ቢደበዝዝ ይታገሣል፤ ንግግሩ ካልተሰማው ይዘጋዋል። ስለዚህ አንድ ሰው በያዘው ስልክ ላይ ልብስ ላይ የሚሰካ ገመድ አልባ ማይክ ቢጨምር፣ በዚያ ዋጋ ከሚገዛ ዕቃ ሁሉ ለቀረጻው ይህን ያህል የሚጠቅም ሌላ የለም እላለሁ። ከማይኩ ቀጥሎ ስታንድ ይምጣ። ቡና ሲፈላ የሚቀርጽ ሰው የሚንቀሳቀስ ነገር የለበትም፤ ስልኩ ስታንድ ላይ ከቆመ ንዝረት ማረጋጊያ አያስፈልገውም። ብርሃኑንም በነፃ ማግኘት ይቻላል፤ ረከቦቱን ወደ በሩ አቅርቦ፣ ቡና የምታፈላውን ሴት ፊቷ ወደ ውጭ እንዲሆን ማስቀመጥና ቀራጩ በበሩ ጎን መቆም ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆን ሥራ በአገራችን ተሠርቷል። ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅት ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ሆኖ፣ ገበሬዎች ራሳቸው የሚታዩባቸውና በራሳቸው ቋንቋ የሚናገሩባቸው አጫጭር ቪዲዮዎች በየወረዳው እንዲዘጋጁ አድርጓል። የልማት ሠራተኛው በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ፕሮጀክተር ይዞ ይሄዳል፣ ገበሬዎች በቡድን ተሰብስበው ያያሉ፣ መሐል ላይ ቪዲዮው ቆሞ ጥያቄና መልስ ይደረጋል። ጤፍ በመስመር መዝራት ወይም ማዳበሪያ በጊዜው መጨመር የሚታይበት ቀረጻ አይበርም፣ አይዘልም። የሚያሳምነው ተናጋሪው የሚታወቅ ዓይነት ሰው መሆኑ፣ እጁ በግልጽ መታየቱና ቃሉ መሰማቱ ነው። በሰኮሩ ቡና ላይ ቪዲዮ መሥራት የሚያስብ ወጣት ገንዘብ የሚያወጣበትን ቅደም ተከተል ከዚህ ሊማር ይችላል።

ትንሿ ካሜራ በቡና ሥራ ውስጥ ፈጽሞ ቦታ የላትም ማለቴ ግን አይደለም። እሸት ቡና የሚፈለፈልበትና የሚታጠብበት ጣቢያ ብዙ ጊዜ ገላጣ ነው። ውሃው በቦይ ሲወርድ፣ ሠራተኞቹ በእንጨት መግፊያ ቡናውን ሲገፉ፣ ካሜራዋ ቦዩ ጠርዝ ላይ ከውሃው እኩል ተቀምጣ የምታመጣው ምስል በሌላ መንገድ አይገኝም። ማንም ሰው ስልኩን እዚያ አያስቀምጥም። ማስጫ አልጋው ላይ እርጥብ ቡና ሲፈስና በእጅ ሲበተን በዝግታ የሚንቀሳቀስ ምስል ለመያዝም የቀትሩ ፀሐይ ለእሷ የተሠራ ነው። በክረምት ዝናብ ጭቃ እያቋረጠ ጭነት ይዞ የሚሄድ ሞተረኛም፣ በጥር በጥምቀት ሰሞን ወይም በአዊ የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ከፈረሰኞቹ ጋር መጋለብ የሚፈልግ ቀራጭም ስልኩን አውጥቶ አይሠራም። እንዲህ ያለው ቀረጻ ከሥራዎ ግማሹን የሚይዝ ከሆነ ይግዟት። በዓመት አንዴ የሚያጋጥም ከሆነ ለዚያ ቀን ከባለቤቱ ይከራዩ ወይም ይዋሱ።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ጎፕሮ በ2023ም በ2024ም እ.ኤ.አ. ያወጣቸው ዋና ካሜራዎች የመነሻ ዋጋቸው 400 ዶላር ነበር። የእኛ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ያደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ባለው ቀን በባንክ ተመን አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ስለነበር 400 ዶላር ማለት 23,000 ብር የማይሞላ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላር 100 ብርን አለፈ፤ ያው ካሜራ ቀረጥና የነጋዴው ትርፍ ሳይጨመርበት 40,000 ብርን ተሻገረ። ከዚያም ወዲህ ብር ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። ስለዚህ ቀድሞ "ልሞክረውና ካልሆነ ልሽጠው" ተብሎ የሚገዛው ዕቃ ዛሬ የአንድን ቤተሰብ የመኸር ገቢ የሚነካ ውሳኔ ሆኗል።

በሣጥኑ ውስጥ ያለው ደግሞ መጀመሪያ ብቻ ነው። የአንዷ ካሜራ ባትሪ 1,720 ሚሊአምፔር ሰዓት ከሆነ የስልክዎ 5,000 ነው፤ ከሰኮሩ ተነሥቶ አዲስ አበባ ለሚደርስ ጉዞ ሁለት ትርፍ ባትሪ ያስፈልጋል። የጊቤ በረሃ ሙቀት ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ከተቀረጸ ካሜራዋ ግላ ራሷን ልታጠፋ ትችላለች፤ በሚሄድ ሞተር ላይ ግን ነፋሱ ያበርዳታል። ሜሞሪ ካርዱም እንደ ተራ ካርድ አይደለም። በሰከንድ 100 ሜጋቢት ስትጽፍ በአንድ ደቂቃ 750 ሜጋባይት፣ በአንድ ሰዓት 45 ጊጋባይት ትሞላለች። የ64 ጊጋባይት ካርድ ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት ያልቃል።

ያ 45 ጊጋባይት የት ይገባል? የስልክዎን ማኅደር ይጨርሳል፣ በሞባይል ዳታ መላክ አይሞከርም፣ ብዙ አሮጌ ላፕቶፖችም አዲሱን የፋይል ዓይነት ሲከፍቱ ይቆማሉ። እኔ ለጀማሪ የምመክረው ፎር ኬ የተባለውን ከፍተኛ የምስል ጥራት ትቶ ዝቅ ባለው በ1080 መቅረጽ ነው። ተመልካቹ የሚያየው በስልክ ነው፣ ለዳታውም የሚከፍለው ራሱ ነው። ከዚህ የሚከብደው ግን ኤዲቲንጉ ነው። አንድ ሰዓት ተቀርጾ ሦስት ደቂቃ የሚወጣው፣ የሚቀርጸው ሰው ተቀምጦ ሰዓቱን በሙሉ ካየ በኋላ ነው። ጎፕሮ ራሱ ይህን ችግር በገንዘብ ነው ያረጋገጠው። በ2016 እ.ኤ.አ. ሁለት የኤዲቲንግ መተግበሪያ ኩባንያዎችን በ105 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ ደንበኞቹ ቀርጸው ካርዱን መሳቢያ ውስጥ እየተዉት ነበርና። ዛሬ በስልክዎ የቀረጹትን ኤዲት አድርገው የማያውቁ ከሆነ አዲስ ካሜራ ይህን ልማድ አትሰጥዎትም። አንድ ወር በስልክዎ በየሳምንቱ አንድ ያለቀ ቪዲዮ ሠርተው ይሞክሩ። በዚያ ወር ውስጥ "ስልኩ ይህን ሊይዝልኝ አልቻለም" ያሉባቸውን ጊዜያት ይጻፉ። ዝርዝሩ ላይ ውሃ፣ መንገድና ሩጫ ከበዛ መልሱን አገኙ። ጨለማና ድምፅ ከበዛም አገኙ።

ካሜራዋን ከውጭ አገር የሚያመጣት ዘመድ ከሆነ ሁለት ነገር አስቀድመው ይንገሩት። አንዳንድ ኩባንያዎች ካሜራዋ ከመሥራቷ በፊት በስልክ መተግበሪያና በኢንተርኔት እንድትመዘገብ ይጠይቃሉ፤ ይህ እዚያው ቢያልቅ ይሻላል። ሌላው፣ ከአሜሪካ የመጣች ካሜራ ለ60 ኸርዝ መብራት ተስተካክላ ትመጣለች። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ሳይለወጥ ቤት ውስጥ ከተቀረጸ አምፖሉ በምስሉ ላይ ይርገበገባል፤ ሠርግ ቀርጸው ማታ ሲከፍቱት ሙሉው አዳራሽ ብልጭ ድርግም ሲል ማየት ያስለቅሳል። ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ 50 ኸርዝ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም ማድረግ በቂ ነው።

ስለ ሰው ክብር ደግሞ በግልጽ መናገር አለብኝ። ትልቅ ካሜራ የያዘ ሰው ሲመጣ ሁሉም ያየዋል፤ ያልፈለገ ፊቱን ያዞራል። ደረት ላይ የተሰካች ትንሽ ካሜራ ግን እየቀረጸች መሆኑን ማንም ላያውቅ ይችላል። በመልቀሚያ ወቅት፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ፣ በቡናው ውስጥ የሚውሉት ሴቶችና ልጆች በሥራ ልብሳቸው፣ በድካማቸው መሐል ናቸው። ገብቶ መቅረጽ ከመጀመር በፊት ቀርቦ፣ በሚግባቡበት በአፋን ኦሮሞ ሰላም ብሎ፣ "እናቴ፣ ቪዲዮ እየቀረጽኩ ነው፣ ይፈቅዱልኛል? የት እንደማወጣውም ልንገርዎት" ማለት ግዴታ ነው። እምቢ ካሉ እምቢ ነው። ከቀረጹ በኋላ ያለቀውን ቪዲዮ ተመልሶ ማሳየትም እንደ ክፍያ ይቆጠር።

በሰኮሩ አጠገብ ሌላም ጥንቃቄ አለ። በደነባ በኩል ያለው የግልገል ጊቤ 1 ግድብ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭና ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ የኃይል ማመንጫ ነው። ሐይቁ ያምራል፤ ግን የኃይል ማመንጫ ነውና ግቢውንና ግድቡን ለመቅረጽ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቁ። ትንሿን ካሜራ በድሮን ላይ ሰቅዬ ላብርር የሚል ሐሳብ ካለዎት ደግሞ ድሮን ያለ ኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ማስገባትም ማብረርም እንደማይቻል ይወቁ።

ይህን ሁሉ አስበው "እገዛለሁ" ካሉ ሱቁ ውስጥ አይቸኩሉ። መርካቶም ሆነ ቦሌ፣ ርካሽ ሆነው "ፎር ኬ" የተጻፈባቸው ካሜራዎች አሉ፤ ብዙዎቹ በውስጣቸው ያለው ሴንሰር ትንሽ ምስል ይይዝና በስሌት ይለጥጠዋል። የሚለዩት እዚያው ነው። ከሱቁ በር ወጥተው ራቅ ብሎ ያለ ማስታወቂያ ሰሌዳ ይቅረጹ፣ ተመልሰው በስልክዎ ያጉሉት፤ ፊደሉ ከተነበበ እውነት ነው። ቀጥሎ ወደ ሱቁ ጨለም ያለ ጥግ ዞረው እየተራመዱ ይቅረጹ፣ የቡና ጫካው ውስጥ የሚያገኙት ያንን ነውና። የባትሪውን በር ጎማ በጣትዎ ይዳስሱ፤ ከተሰነጠቀ ወይም ከላላ ያቺ ካሜራ ወንዝ አትገባም። ያገለገለች ከሆነች የሌንሷን መስታወት ወደ ፀሐይ አዙረው ይዩት፤ ጭረቱ የሚታየው ፀሐይ ፊት ለፊት ሲመታው ነው።

በመጨረሻ ካርዱ። 256 ጊጋባይት ተብሎ ተጽፎበት በውስጡ የዚያን ሩብ እንኳ የማይዝ ሐሰተኛ ካርድ ብዙ ነው። ሲገባ ቁጥሩን በትክክል ያሳያል፣ የመጀመሪያዎቹን ቪዲዮዎችም ያሳያል፣ ከዚያ በኋላ የተጻፈው ግን የለም። ስለዚህ ከሻጩ ጋር "ካርዱ ከተበላሸ እመልሳለሁ" ብለው ይስማሙ፣ ቤት ገብተው ካሜራዋን ቻርጅ ላይ ሰክተው ካርዱ ጢም እስኪል ግድግዳ ያስቀርጿት፣ ከዚያ የመጨረሻውን ፋይል ከፍተው እስከ መጨረሻው ሰከንድ ይዩት። ካልተከፈተ ካርዱን በማግሥቱ ይዘው ይመለሱ።